ስለ ስካነሩና ስለ ተቆለፈው የገንዲ መድኃኒት

ለክቡር አቶ አክሊል ወልደሥላሴ
የቆላ ወረዳዎች የእንስሳት መድኃኒት ሽያጭ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

በእኛ አገር ሰላምታ ረጅም ነው፤ መጀመሪያ የሰውየው፣ ቀጥሎ የቤተሰቡ፣ ከዚያ የከብቱ፣ በመጨረሻም የዝናቡ ደኅንነት ይጠየቃል። እንግዲህ እርስዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎስ? ከብት እንደሌለዎት ስለማውቅ በእሱ ፈንታ ቢሮዎን እጠይቃለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ መብራትዎ የማይጠፋ፣ ኔትወርክዎም የማይቆራረጥ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በነገሌ ቦረና፣ ከከብት ገበያው አጠገብ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ያለኝ ቀድሪያ ዓብዱልወሃብ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎት ላሳፍርዎት ብዬ አይደለም፤ ስደውል ስልኩን የሚያነሳ በማጣቴ፣ ማመልከቻዬም ተራውን እየጠበቀ መሆኑ ስለተነገረኝ፣ ምናልባት ጋዜጣ ያነቡ እንደሆነ ብዬ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት አንድ እውነተኛ ምስጋና ላቅርብ። ሐሰተኛ መድኃኒት እንዳይሸጥ አስበው እያንዳንዱ ሽያጭ በስልክ በሚጫን ፕሮግራም እንዲመዘገብ፣ የሣጥኑም ኮድ በስካነር እንዲነበብ ማዘዝዎ ተገቢ ነበር። ውሃ በመርፌ ተወግተው ያለቁ ከብቶችን አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ምስጋናዎች ግን እንደፈለጉ ይተርጉሟቸው።

አንደኛ፣ ስካነሩ ስለተመረጠበት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ እንድንገዛ ያዘዙን ስካነር የሚያነበው መስመር መስመር የሆነውን ኮድ ብቻ ነበር፤ መድኃኒት አምራቾቹ ደግሞ ሣጥኑ ላይ የሚያትሙት ባለ ነጥቡን አራት ማዕዘን ኮድ ነው። በዚህ ምክንያት ስካነሩ ብስኩትም፣ ሳሙናም፣ የዱቄት ወተትም እያነበበ መድኃኒት ብቻ ማንበብ አቃተው። ከዚያ ያስቀየሩን ሌላው ስካነር ባለ ነጥቡንም ያነባል፤ ጥላ ካገኘ። የሱቄ በር ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጠዋት ፀሐይ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ትገባለች፤ የሣጥኑ ላስቲክ ሲያብለጨልጭ ስካነሩ አንዳች አያይም። ስለዚህ እንደ ድሮ ፎቶግራፍ አንሺ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቤ ከሥሩ ሆኜ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን ተራ ጠብቀው ጨርቁን ይይዙልኛል። መራጩ ኮሚቴ የት እንደሞከረው ጠይቄ በሆቴል አዳራሽ መሆኑ ተነግሮኛል። የአዳራሹ መጋረጃ ጥሩ እንደነበር አልጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ ስለ አገጣጠሙ። ስካነሩን ከስልክ ጋር ለማስማማት በመመሪያው ላይ የታተሙትን ኮዶች ራሱ ስካነሩ ማንበብ አለበት። ጽሕፈት ቤትዎ የላከልን መመሪያ ግን የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ በመሆኑ፣ እንኳን ስካነር ሰውም ሊያነበው አልቻለም። ጎረቤቴ ሃያት፣ የስልክ ሽፋን የምትሸጠው፣ አዝናልኝ በራሷ ስልክ ሞክራ አገጣጠመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስካነሩ በተከፈተ ቁጥር የእኔን ስልክ ትቶ ወደ እሷ ይሄዳል። ለስልኩ እንደ መጻፊያ ሰሌዳ ስለሚያገለግልም ያነበበውን ቁጥር ክፍት ባገኘው ቦታ ይጽፋል። ሃያት ዶሎ ኦዶ ለሚሠራው እጮኛዋ መልእክት ስትጽፍ የእኔ የበግ ትል መድኃኒት ቁጥር መሃሉ ገብቶ ተላከ። እጮኛዋ ቁጥሩ የየትኛው ወንድ እንደሆነ እንድታስረዳው ጠየቃት፤ የበግ ነው ብትለው የባሰ ተቆጣ። በስንት ሽማግሌ ታርቀዋል። የሠርጉ ጥሪ ካልደረሰዎት ምክንያቱን ከወዲሁ ይወቁልን።

እነዚህን ሁለቱን ችዬአቸው ነበር። የሚቀጥለውን ግን አልቻልኩም፤ ስለዚህ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ገንዲ ማለት ዝንብ የሚያስተላልፈው፣ ከብቱን እያመነመነ ቆዳና አጥንት አድርጎ የሚጥል በሽታ ነው። ዘንድሮ ድርቁ ሰዉን ከነከብቱ ወደ ገናሌ ወንዝ አወረደው፤ ዝንቡም እዚያው ጠበቃቸው። የገንዲ መድኃኒት ዱቄት ነው፤ በትንንሽ ከረጢት ሆኖ በአንድ ሣጥን ይታሸጋል። ኮዱ ያለው ሣጥኑ ላይ ብቻ ነው። አርብቶ አደር ደግሞ ሣጥን አይገዛም፤ አንዲት ላም ከታመመችበት አንዲት ከረጢት ይገዛል። የእርስዎ ፕሮግራም ሣጥኑ አንዴ ከተነበበ ሙሉውን እንደተሸጠ ይቆጥረዋል፤ ለሚቀጥለው ከረጢት ሣጥኑን መልሼ ሳስነብብ «ይህ መድኃኒት ተሽጧል፣ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል» ይለኛል። ያኔ ስልካችሁ ይነሳ ነበርና ደወልኩ። ትሑት የሆነ ሠራተኛዎ ሣጥኑ ሳይከፈት በሙሉ እንዲሸጥ መመሪያ ሰጠኝ።

መመሪያውን ለሰዎቹ ነገርኳቸው። እነሱም መላ አላጡም፤ ከብት የታመመባቸው ይሰባሰቡና አንድ ሣጥን በጋራ ገዝተው ሱቄ በር ላይ ይከፋፈሉታል። ፕሮግራሙ የገዢውን ስም ይጠይቃል። እዚህ ሰዎች አብረው ሲመጡ የሚጠራው የሽማግሌው ስም ነው፤ እሱ ቆሞ የሌላ ስም ማስመዝገብ ነውር ነው። ሽማግሌው ኦቦ ቡሌ ናቸው። የዛሬዎቹም፣ የነገዎቹም፣ ከወንዝ ማዶ የመጡትም በኦቦ ቡሌ ስም ገዙ። እኔም ጻፍኩ፤ ነውር መሥራት አልፈለግሁም።

ፕሮግራምዎ አሰበ። ኦቦ ቡሌ ያለ ፈቃድ የሚነግዱ ትልቅ ነጋዴ፣ እኔም አቅራቢያቸው እንደሆንን ደረሰበት፤ የገንዲ መድኃኒት ሽያጬን በሙሉ ቆለፈ። ሳያስነብብ የሸጠ ፈቃዱን ይነጠቃል የሚል ማስጠንቀቂያም በቀይ ጽሑፍ አስከተለ። ኦቦ ቡሌን ይህን ስነግራቸው አገጫቸውን ይዘው፣ ትልቅ ነጋዴ ከሆኑ ሱቃቸው የትኛው እንደሆነ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ እሳቸው ሳይሞቱ ልጆቻቸው ሊያውቁት ይገባል አሉ። የቀሯቸውን ከብቶች ከዚህ መቁጠር አይመቸኝም፤ ባጭሩ ትልቅ ነጋዴ አያሰኙም።

ሽያጬ በተቆለፈ ማግስት አንድ ሰው መጣና በሱቄ ግድግዳ ጥላ ሥር ሸራ ዘረጋ። ከማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የገንዲ መድኃኒት እያወጣ ይሸጣል። ሣጥን የለውም፣ ኮድ የለውም፣ የገዢ ስም አይጠይቅም። እርስዎ የሚዋጉት ሰው እሱ ነው፤ ዛሬ በገበያችን ሥራው ያልተስተጓጎለበትም እሱ ብቻ ነው።

የኦቦ ቡሌ ምራት ጉያቱ ከድርቁ የተረፉ ሁለት ላሞች ነበሯት፤ ልጆቿ የሚኖሩት በእነሱ ወተት ነው። ሁለቱም ታመሙ። ወደ እኔ መጣች። ቀዩን ጽሑፍ አሳየኋት፤ ማንበብ ባትችልም እጄ ወደ መደርደሪያው እንዳልተዘረጋ አይታ ገባት። ወጥታ ከሸራው ገዛች። የተወጋችው ላም ሞተች። ከዚያ ሁለተኛይቱን እየጎተተች ይዛት መጥታ ከሱቄ በር ምሰሶ ላይ አሰረቻት፤ እንዲህም አለችኝ፦

«አንቺ እውነተኛውን ይዘሽ ትከለክይኛለሽ፤ እሱ ውሸቱን ይዞ ይሰጠኛል። የትኛችሁን ሌባ ልበል?»

መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። እርስዎ ዘንድ ካለ በማንኛውም መንገድ ይላኩልኝ፤ በኮድም ቢሆን እንደምንም ጨርቅ ተከናንቤ አነበዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ስካነሩን ይቀይሩ አልልም፤ ኮሚቴው ደክሞበታል። ከረጢት በከረጢት መሸጥ እንዲቻል ፕሮግራሙ ይስተካከል ማለቴንም ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ። መቆለፊያውን ብቻ ያንሱልኝ። ይህ ለሥልጣንዎ ከከበደ ለአንዲት ከረጢት ብቻ ይፍቀዱልኝ። ጉያቱ ከሱቄ በር አልሄደችም፤ ላሚቱ ትናንት ሣር ትቀምስ ነበር፣ ዛሬ ውሃም አልነካችም። መድኃኒቱ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ሳልነሳ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። እንዲህ ቀርቦ እንዲህ የራቀ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም፤ ይህንንም ስላሳዩኝ ላመሰግንዎት ይገባል።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ዝምታዎና ስለ ቀዩ ጽሑፍ ጥራት ዳግመኛ እያመሰገንኩ፣ የተከበረው ጽሕፈት ቤትዎ እኛን ከሐሰተኛ መድኃኒት ለመጠበቅ ከእውነተኛውም ጭምር ስለጠበቀን ውለታውን ለመክፈል የማልችል፣

እጅግ ታዛዥዎና አክባሪዎ
ቀድሪያ ዓብዱልወሃብ
ነገሌ ቦረና

በድጋሚ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ፖስታው ውስጥ ከመክተቴ በፊት ላሚቱ ተኛች። ስለዚህ «እጅግ ታዛዥዎ» የሚለውን ይሰርዙልኝ። ሣጥን ከፍቼ፣ ገበያው ሁሉ እያየ፣ አንዲት ከረጢት ለጉያቱ ሰጠኋት፤ የእንስሳት ጤና ረዳቱ ዓብዱልባሲጥ በጥብጦ ወጋላት። ስካነሩን አልነካሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኦቦ ቡሌን ለአንድ ቀን እንኳ ከነጋዴነት ያሳርፏቸው። ዓብዱልባሲጥ ዘግይተናል ይላል፤ እስከ ማታ መጠበቅ ነው። ፈቃዴን ሊነጥቅ የሚመጣው ባለሙያዎ ሱቄ በር ላይ የተኛች ላም ያገኛል። ተነስታ ከሆነ መንገድ ትለቅለታለች። ካልተነሳች ግን ተራምዷት እንዳይገባ ይንገሩት፤ ጉያቱ አጠገቧ ተቀምጣለች።