በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ስለተሸጠው የእናቴ ስም

ለተከበሩ የድረ ገጽ ስም መዝጋቢው ድርጅት ኃላፊ፣
ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የእርስዎን ደህንነት ካረጋገጥኩ በኋላ ሁላችንም የምንጠይቀውን ልጠይቅዎ፦ ያወጣው ክፍል ራሱ የማያነበው ደንብ ለማን ተብሎ ይጻፋል?

ሐምራዊት እባላለሁ፤ በዚህ በ2021 ሜይ ላይ የተመረቅሁ፣ ደንብ ማንበብ ገና ያልሰለቸኝ ልጅ ነኝ። እናቴ ወይዘሮ ዘርፌ እዚሁ ኮሎምበስ ጥግ፣ ዋይትሆል ከተማ ውስጥ «ዘርፌ ባልትና» የሚል ከረጢት አሳትማ በርበሬ ስትሸጥ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስሙም በሕግ የተመዘገበ የንግድ ምልክቷ ነው።

የራሳችንን ጥፋት አልደብቅም። ስሙን ለድረ ገጽ ከማስመዝገባችን በፊት ለማስመረቅ ማኅበር ይዘነው ሄድን። የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሼ ገብረየስ ቆመው «ስማችሁ ከፍ ይበል» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠው፣ እሱም በርበሬ ነጋዴ የሆነው አቶ ደጀን «አሜን» እያለ ስልኩን ይነካካ ነበር። እኛም ቴክስት የሚያደርግ መስሎን አብረነው «አሜን» አልን።

ስለዚህ ምስጋናዬ እነሆ፦

1. አዲስ ዓይነት የድረ ገጽ አድራሻ ለሽያጭ ስትከፍቱ ለንግድ ምልክት ባለቤቶች የመጀመሪያውን ሰላሳ ቀን ቅድሚያ እንደምትሰጡ በደንባችሁ ጽፋችሁ፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የእናቴን ስም ምንም ምልክት ላላስመዘገበው ለአቶ ደጀን ስለሸጣችሁ። የቀረውን ዐሥራ ስምንት ቀን ስለበላችሁት፣ ይስማማችሁ።

2. ኮል ሳደርግ ሠራተኛችሁ «ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል» ስላለኝ። የራሳችሁን አንቀጽ ባነብለት «እሱ ሌላ ክፍል ነው» ብሎ ሙዚቃ ከፈተልኝ። ሙዚቃው ደስ ይላል።

3. በእናቴ ስም የተሸጠውን አድራሻ የከፈተ ሰው ዛሬ የሚገዛው የአቶ ደጀንን በርበሬ ነው። ባለፈው እሑድ አንዲት ደንበኛ በሰው ፊት «እትዬ ዘርፌ፣ በርበሬዎ ደግሞ አሸዋ መያዝ ጀመረ እንዴ?» አለቻት። እናቴም ላልሸጠችው በርበሬ ይቅርታ ጠየቀች። ይህቺን ይቅርታ ከእናንተ ሳልቀበል አልተኛም።

ጥያቄዬ ቀላል ነው፦ ሽያጩን ሰርዙ፣ ስሙን ለባለቤቱ መልሱ። በበኩሌ አቤቱታዬን ከነማስረጃው ለገላጋይ ዳኞች አስገብቻለሁ፤ የጻፋችሁትን ደንብ ሳያሳጥሩ እንዲያነቡላችሁም ለምኛለሁ።

ከወገቤ ጎንበስ ብዬ፣ ዓይኔን ግን ከአንቀጻችሁ ላይ ሳልነቅል፣
ሐምራዊት እሸቱ

ልጨርስ ስል ያስታወስኩት፦ የድርጅታችሁን ስም ይዞ «አቤቱታ» የሚል ቃል የተጨመረበት አድራሻ ሳይያዝ አገኘሁና ትናንት ከእናንተው ገዛሁት። በአራት ደቂቃ ሸጣችሁልኝ፤ ማን እንደሆንኩም አልጠየቃችሁኝም። ይህ ደብዳቤ የመጀመሪያ ገጹ ነው። አንባቢዎች ሆይ፣ ስማችሁ የተሸጠባችሁ ሁሉ ከሥሩ ጻፉ። ምርቃቱ ገና ነው፤ አሁን መጀመሪያ ማስመዝገብ ለምጃለሁ። እርስዎም መልስዎን እዚያው ይጻፉልኝ፤ ከላይ ቦታ ትቼልዎታለሁ።