ጮጮው ደጅ ሲታጠን

ውድ እናቴ፣

አንቺም፣ ላሞችሽም፣ የጢቾ ብርድም እንዴት ናችሁ? እኛ አሰላ ላይ ዝናቡ ቢበዛም ተመስገን፣ ደህና ነን። ስልክ ላይ ያ ሳልሽ በመጣ ቁጥር ገና ሳንጠግብ ስለምትዘጊብኝ ነው በወረቀት ላወራሽ የተቀመጥኩት። እዚህ ላይ እንኳን አታቋርጪኝም!

እንኳን ደስ ያለሽ በይኝ፤ የአስም ሕመምተኞችን ቤት ለቤት የመከታተል ሥልጠናውን ጨርሼ ሥራ ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዩኒፎርም ለበስኩልሽ!

የመጀመሪያው ቤቴ የአደ ዙቤዳ ነበር። ምራታቸው አይሻ ትንፋሿ እያጠረ ስትወድቅባቸው፣ «የማትሠራ ምራት ምን ታደርግልኛለች?» ብለው ዲክሲስ ወደ ወላጆቿ ሊመልሷት ቆርጠዋል። ልጅቷ እኔን ስታይ ዓይኗ በእንባ ሞላ። ገብቼ ሳይ በሩ ተዘግቷል፣ የወተቱ ጮጮ በወይራ ይታጠናል፣ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። የምታጥነው ደግሞ ራሷ አይሻ!

ማጠኑን ተዉ ብል እንደሚያባርሩኝ አውቃለሁ፤ ያልታጠነ ወተት ለእንግዳ ማቅረብ ለእሳቸው ውርደት ነው። ደጅ ይታጠን፣ እርስዎ ያጥኑት አልኳቸው። «አንቺ ሴትዮ፣ ወይራዬን ለንፋስ ልታበይው ነው የመጣሽው?» አሉኝ። ወተቱ ከተበላሸ ሁለተኛ ደጃችሁን አልረግጥም ብዬ ተወራረድኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ከቤቱ ጀርባ ቁጭ ብለው ያጥናሉ። ወተቱ መዓዛው ትንሽ ጎድሎታል ይላሉ፤ ግን ጠጥተው ጨርሰውታል! አይሻም የጤና ጣቢያችን ነርስ ያዘዘችላትን ፓፍ፣ ያ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ በኩል በየቀኑ መሳብ ለምዳለች። የዲክሲስን ነገር የሚያነሳ ጠፋ።

ታዲያ አደ ዙቤዳ አሳሳቡን ለእኔም አሳዪኝ አሉ። ምራቴን ልቆጣጠራት ነው አሉ። አሳየኋቸው። ድገሚው አሉ። ስደግመው እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር። በማግስቱ አይሻን ለማየት በሚል ሰበብ ነርሷን ይዤ ተመለስኩ። አሁን በዚያ ቤት ሁለት ፓፍ አለ።

ትልቁ ደስታዬ ግን ይኸውልሽ፤ የመጪው ዓመት በጀት ተፈቅዶ ሥልጠናው ጢቾ ሊመጣ ነው። ማን ይሂድ ሲሉ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁ። ለሠልጣኞቹ የማሳይበት ሰው ስለሚያስፈልገኝ አንቺን አስቤያለሁ። ለማሳያ ያህል ብቻ ነው እማዬ፣ ማንም ምንም አይልም። ነርሷም አብራኝ ትመጣለች፤ እሷ እንኳን አገር ለማየት ነው።

እስክንገናኝ እመብርሃን ከአጠገብሽ አትለይ። እኔንም መርቂኝ።

ለፍላፊዋ ልጅሽ