ከመናገር በፊት ስንጥቡን መግለጥ፦ የአቶርኒ ካንዲዶ ፋማቲድ የሕይወት ታሪክ

አቶርኒ፣ ጠበቃ ማለት ነው፣ ካንዲዶ ፋማቲድ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው ከአቶ ቢየንቬኒዶ ፋማቲድና ከእናታቸው ከዓሣ ነጋዴዋ ከወይዘሮ ፌሊሳ ፋሶላን፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1955 በፓናይ ደሴት በማላጉይ ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ ያሰሙት ጩኸት ከባሕሩ ዳር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሷል ይባላል። ይህን የሚሉት እናታቸው በመሆናቸው ትንሽ ማጋነን አይጠፋውም ብለን ነበር። ነገር ግን ታላቅ እኅታቸው ወይዘሮ ኮራሊያ «እኔ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጆሮዬን ይዤ ከቤት ወጥቻለሁ» ብለው ስለመሰከሩ እንዳለ አስገብተነዋል።

እናታቸውን የወለዷቸውም ያልወለዷቸውም «ናናይ ፌሊሳ»፣ እማማ ፌሊሳ ማለት ነው፣ እያሉ ይጠሯቸዋል። በገበያው መግቢያ ካለው የመጀመሪያው መደብ ላይ ከሃምሳ ዓመት በላይ ዓሣ ሸጠዋል። አቶርኒ ካንዲዶም አፍ እንደፈቱ የመደቡ ለፋፊ ሆኑ። በስምንት ዓመታቸው አንድ ማለዳ እናታቸው በረዶ ሊያመጡ ዞር ሲሉ፣ ትንሹ ካንዲዶ «የዛሬ ነው! አሁን ከባሕር የወጣ ነው!» እያሉ በመጮህ ዳር ላይ የተቀመጠውን ዓሣ ጥርግ አድርገው ሸጡት። ናናይ ፌሊሳ ሲመለሱ ባዶውን መደብ አይተው ጮኹ።

«ያ እኮ የትናንት ነው! ስንጥቡን ገልጠህ አይተሃል?»

በእኛ ገበያ ዓሣ የሚገዛ ሰው ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርጎ ስንጥቡን ያያል። ቀይ ከሆነ ዓሣው ትኩስ ነው፤ ከገረጣ የድመት ነው።

«አላየሁም ናናይ። ሰዎቹም አላዩም፤ ዝም ብለው አመኑኝ።»

«ስላመኑህማ ነው አንተ ማየት የነበረብህ!»

ከዚያም ትኩስ ዓሣ በቅርጫት ሞልተው አሸከሟቸውና ወደ ሰባቱ ገዢዎች ቤት ላኳቸው፤ በየደጁ ቆመው በገዛ አፋቸው «ሳላይ ነው የተናገርኩት» እንዲሉና ዓሣውን እንዲለውጡ። ሰባተኛዋ ወይዘሮ ፓሲታ ግን ዓሣውን ጠብሰው ግማሹን በልተውት ነበር። «ተወው ልጄ፣ ጣፍጦኛል» ቢሏቸው ልጁ ወይ ፍንክች! ግማሹን የትናንት ዓሣ ተቀብለው ሙሉውን የዛሬ ሰጥተው፣ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ቤታቸው ገቡ።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በማላጉይ ካጠናቀቁ በኋላ ወደ ኢሎይሎ ተሻግረው ሕግ አጠኑ፤ በ1980ም ለጥብቅና ፈተና ተቀመጡ። የከተማችን ሰው ችኩል ስለሆነ ውጤቱ ሳይመጣ «እንኳን ደስ ያለህ አቶርኒ!» የሚል ጨርቅ በአደባባዩ ላይ ሰቀለ። ልጁ ወደቁ። ሰዉ አፍሮ ጨርቁን ሊያወርድ ሲል፣ ናናይ ፌሊሳ ቀለምና ብሩሽ አስመጥተው ልጃቸውን መሰላል አስወጧቸውና ከሥሩ «ገና ነው» ብለው እንዲጽፉበት አደረጉ። በሚቀጥለው ዓመት ሲያልፉ ያቺኑ ቃል ሰረዟት። ጨርቁ እስከ ዛሬ በቤታቸው አለ።

አቶርኒ ካንዲዶ በጥብቅና ሥራቸው የድሃ ጠበቃ በመባል ታወቁ። ድሃ ደግሞ የሚከፍለው በዶሮ፣ በሸርጣን፣ በሙዝ ነው። ግቢያቸው በአውራ ዶሮ ከመሙላቱ የተነሣ ለየዶሮው የፍርድ ቤት ስም ያወጡለት ነበር። ከሁሉ የታወቀው፣ አንድ ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሁልጊዜ እንደገና የሚጮኸው «ይግባኝ» ነው። የይግባኝ የልጅ ልጆች ዛሬም ጎረቤት ያስቸግራሉ።

በ1984 ከመምህርት ኢሉሚናዳ ፋጋሪንግ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወሰኑ። እንደ ወጉ በልጅቷ መስኮት ሥር ቆመው ሊያዜሙ ሄደው ነበር። እውነቱን እንናገር፣ ድምፃቸው ለመለፈፍ እንጂ ለዜማ አልተፈጠረም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ሲደርሱ የልጅቷ አባት መስኮቱን ከፍተው «አቶርኒ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብህ ክሱን አንሣልን፤ ልጅቷን እንሰጥሃለን!» አሏቸው። ከዚህ ጋብቻ ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1988 የከተማችን ከንቲባ፣ በ1998 ደግሞ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተመረጡ። በአገራችን የተመረጠ ሰው በየሠርጉ የሠርግ አባት፣ ማለትም ለጥንዶቹ ምስክርና መካሪ፣ ሁን ይባላል፤ እሳቸውም እምቢ ማለት አያውቁምና የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥንዶች የሠርግ አባት ሆነዋል። በአንድ ቅዳሜ አራት ሠርግ ላይ ሲሮጡ ውለው፣ አምስተኛው ላይ የሙሽራውን ስም ረስተው «ይህ ክቡር ወጣት» እያሉ ንግግራቸውን ጨርሰዋል።

በ2005 የመንግሥት ቃል አቀባይ ሆነው ወደ ማኒላ ሄዱ። ገበያችን ያን ቀን እንደ በዓል ዋለ። ናናይ ፌሊሳ መደባቸው ላይ ቴሌቪዥን አስተከሉ፤ ልጃቸው ብቅ ሲሉ ቢላው ሁሉ ይቆማል፣ ገበያተኛው ሁሉ ያዳምጣል። አንድ ነገር ካልጣማቸው ማታውኑ ይደውላሉ፦ «ቶቶ»፣ ማሙሽ ማለት ነው፣ «የዛሬው ገርጥቷል።» እሳቸውም በስድሳ ጋዜጠኛ ፊት ያልደነገጡት ሰውዬ በዚህች ቃል እንቅልፍ ያጡ ነበር።

በኖቬምበር 2006 የደረሰውን አውሎ ነፋስ የማላጉይ ሰው አይረሳውም። መንገዱ ተቆረጠ፣ ጣሪያው ሁሉ ተነሣ፣ ከተማው በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተጠለለ። በሁለተኛው ቀን ባለባትሪ ሬዲዮ ከፍተን የምናውቀውን ድምፅ ሰማን፦ «በፓናይ ዳርቻ ላሉ ከተሞች ሁሉ እርዳታ ደርሷል።» እኛ የኮኮናት ውሃ ለሕፃናት በማንኪያ እያካፈልን ነበር።

«ሰማችሁ? በልታችኋል ተባልን እኮ!» አለ አንዱ ዓሣ አጥማጅ።

«እንግዲያውስ አግሱ!» አለ ሌላው። ጥቂት ሰው ሳቀ፤ የቀረው ወደ ናናይ ፌሊሳ ዞረ። ከዚህም የከፋ ነበረ፦ በኢሎይሎ ወደብ ሩዝ ጭነው ወደ እኛ ሊነሡ የነበሩ በጎ ፈቃደኞች «ደርሷል» የሚለውን ሰምተው ወደ ሌላ ደሴት ሄዱ። ረኀባችን ሁለት ቀን ረዘመ። የሞተ ሰው አለመኖሩ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

በአራተኛው ቀን ስልክ ሲሠራ የመጀመሪያዋ ደዋይ እናታቸው ነበሩ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ የወይዘሮ ኮራሊያ ልጅ፣ አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች።

«ቶቶ፣ ሩዙን በዓይኑ ያየው ማነው?»

«ናናይ፣ የመጣልኝ ወረቀት ላይ...»

«ወረቀቱን አልጠየቅኩህም። ስንጥቡን ገልጠሃል ወይ?»

መልሱን ሳይጠብቁ ቀጠሉ፦

«ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰው ከእኔ ዓሣ ሳይነካ ይገዛል። ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይኑን ያሸሽብኛል። ቅርጫቱን አንሣና ና!» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ተቀምጠው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱ ስናይ የመጀመሪያችን ነው።

በማግሥቱ ጠዋት አቶርኒ ካንዲዶ «መረጃው ተሻሽሏል» የሚል ጽሑፍ ተሰጥቷቸው ነበር። እሱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በአገር ፊት እንዲህ አሉ፦ «መረጃ አልተሻሻለም። እኔ ሳላይ ተናገርኩ። የገዛ ከተማዬ ሰው እየተራበ በልቷል አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» በዚያው ዕለት ሥራቸውን ለቀቁ። ማንም አላባረራቸውም፤ እንዲያውም ቆዩ ብለው የለመኗቸው ነበሩ።

ከማኒላ ቀጥታ ወደ ኢሎይሎ በረሩ፤ ወደብ ወርደውም ባለጀልባዎቹን ዞሩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሠርግ ያን ቀን ዋጋ አገኘ፦ ከዳሯቸው ሙሽሮች መካከል አራቱ ባለጀልባ ነበሩ። አንደኛው «ይህ ክቡር ወጣት» የተባለው ነው። «አባባ፣ ስሜን ከነገሩኝ እወስድዎታለሁ» ቢላቸው፣ «ሮዴል! ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምህን ስደግም ነው የኖርኩት» አሉት። ከገዛ ኪሳቸው የገዙትን ሩዝ ጭነው ተሻገሩ።

ናናይ ፌሊሳ ባሕሩ ዳር ቆመው ጠበቋቸው። አላቀፏቸውም፤ ቅርጫት ነው የዘረጉላቸው። የሃምሳ አንድ ዓመቱ የቀድሞ እንደራሴ ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤት፣ ቤት ያልቀረለትንም ድንኳን ለድንኳን፣ በእግራቸው ዞሩ። በየደጁ «ደርሷል ያልኩት ሳላይ ነው። አሁን ደርሷል፤ እጃችሁን ከትታችሁ ንኩት» ይላሉ። ሰዉም አልማራቸውም፦ «አቶርኒ፣ ይሄኛው የሚበላ ነው ወይስ እንደ ፊተኛው የሚደመጥ?» በሁለተኛው ቀን ማምሻ መጨረሻ ላይ የደረሱት ወይዘሮ ፓሲታ ዘንድ ነው። አሮጊቷ እጃቸውን ሩዙ ውስጥ እስከ ክርናቸው ከተው ሳቁ፤ «ካንዲዶ፣ ያኔም እኔ ጋ ስትደርስ መሽቶብህ ነበር» አሏቸው። ያን ማታ እናታቸው የዓሣ ሾርባ አቀረቡላቸውና «ብላ ቶቶ» አሉ። እሳቸው ማንኪያውን እንደያዙ እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ለትልቅ ሥልጣን አልተወዳደሩም። በ2010 ግን ያለ ተፎካካሪ የሠፈራችን ሊቀመንበር አድርገን መረጥናቸው። በየቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ በገበያው ድምፅ ማጉያ መብራት የሚጠፋበትን፣ ክትባት የሚሰጥበትን፣ ጀልባ የሚነሣበትን ይናገራሉ፤ ከመናገራቸው በፊት ሄደው ያያሉ። ሊሳፈሩበት የነበረው ጀልባ መነሣቱን ቆመው ሲያዩ ጥሏቸው የሄደበት ቀንም አለ።

በ2018 በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ልጆቻቸው «እየተሻለህ ነው» ሲሏቸው «ሐኪሙ ነው ያለው ወይስ እናንተ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ «እኛ ነን» ብለው ሲያምኑ ሳቁና «ጎበዞች፣ ነገሩ ከእኔ ቶሎ ገባችሁ» አሏቸው። ማርች 14 ቀን 2019 በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው በቤተሰባቸው መካከል አረፉ። እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ እኅታቸውን፣ ሦስት ልጆችን፣ አምስት የልጅ ልጆችንና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥንዶችን ትተው አልፈዋል። ከጥንዶቹ አንዳንዶቹ ተኳርፈዋል፤ ይህ የሠርግ አባታቸው ጥፋት አይደለም።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የሰማንያ ዘጠኝ ዓመቷ ናናይ ፌሊሳ የሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነብቦላቸዋል። «ከዚያ ወዲያ ዋሽተው አያውቁም» የሚል ዐረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ እጃቸውን አነሡ።

«እሱን ሰርዢ። በየእሑዱ የሚስቱን ወጥ ይጣፍጣል ይል ነበር።»

ቀድመው የሳቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኢሉሚናዳ ናቸው። ዐረፍተ ነገሩ ተሰረዘ። ናናይ ፌሊሳ የልጃቸውን ግንባር አሻሹ። ከዚያም «አሁን ቀይ ነው። ይታተም» አሉ።

ቸሩ አምላክ ልጃችንን ካንዲዶን በደጁ ተቀብሎ ያስገባልን። የሚጠይቃቸው ነገር ቢኖር ወረቀት ሳያዩ የሚመልሱ ሰው ናቸው። አሜን።