በሻይ ሰዓት ያስወለድኩሽ ልጅ

ውድ ጥንቅቄ፣

አምስት ጊዜ ደውለሽ ስልኬን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ዛሬም ፊት ለፊት የምነግርሽበት ድፍረት ስላጣሁ ወረቀት ላይ ተደበቅሁ። የፈለግሽውን በይኝ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ወደ ዐውደ ጥናቱ ልሄድ ስል የእሹሩሩ ጥናትሽን በሰማያዊ ፎልደር አድርገሽ ሰጠሽኝ። እናትሽ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋቸው ሥር መራቅ አልቻልሽም። "ለፕሮፌሰሩ በእጃቸው ስጪልኝ። ከፈለጉኝ ሰው ለምኜም ቢሆን እመጣለሁ በያቸው" አልሽኝ። እኔም "አታስቢ፣ እኔ እያለሁልሽ!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አሥራ አራት ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ። እንዲህ ያለ ትንሽ ስብሰባ መደበቂያ የለውም። ተራዬ ደርሶ ስለ ሕፃናት ጨዋታ የጻፍኩትን ሃያ ደቂቃ አነበብኩ። ሰብሳቢው "ጥያቄ?" አለ። አንድ ሰው አሳለ። "እንግዲያው ሻይ እንጠጣ" አለ።

በሻይ ሰዓት ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት እየሆነ ጨዋታውን ያዘ። እኔ ብስኩቴን ይዤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም አነባለሁ፤ በቃሌ የማውቀውን ፕሮግራም። ያኔ ፕሮፌሰሩ በሰው መሃል እየተሽሎከለኩ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። ጥናቴን ወደውት ነው ብዬ ብስኩቱን ሳላኝክ ዋጥኩት።

"ያቺ የእሹሩሩ ተመራማሪ ጓደኛሽ የት ቀረች?" አሉኝ። "የሁለት ዓመት ፕሮጀክት አግኝቼ ለእሷ ቦታ ይዤላት ነበር።"

ምላስ አጥንት የለውም። "ወልዳለች" አልኳቸው።

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አይ፣ አውቃለሁ፤ መዋሸት ይብቃኝ። እናቷን እያስታመመች ነው ብል ይጠብቋታል ብዬ ፈራሁ። አራስ ግን ማን ይጠብቃታል? ባል እንኳ ሳላገኝልሽ ዓይኔን በጨው አጥቤ አስወለድኩሽ።

"ውይ፣ እንኳን ደስ አላት! ወንድ ነው ሴት?"

"ሴት።"

"እሹሩሩ ስትሰበስብ ኖራ አሁን በገዛ ቤቷ ልትል ነዋ!" ብለው ሳቁና ለሁሉም አበሰሩ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እስከዚያች ደቂቃ ቀና ብሎ ያላየኝ ሁሉ ከበበኝ። ስንት ኪሎ ናት? ሌሊት ታስተኛለች? መለስኩላቸው እኮ፣ ጥንቅቄ! ሦስት ኪሎ ተኩል አልኩ። ወንበር ሳቡልኝ፣ ሻይ ደገሙልኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከሁሉም በላይ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፤ ደስ ማለቴ።

በማግስቱ ስብሰባው ሲቀጥል፣ ከእኛው አንዷ የሆነችው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ካርድ ገዝታ አዞረች። አሥራ ሦስቱም ፈረሙ። ከዚያ እኔ ጋ ደረሰ፤ እኔም ፈረምኩ። ፕሮፌሰሩ እንዲህ ብለው ጽፈውልሻል፦ "ሥራ ይደርሳል፤ ልጅሽን በደንብ አሳድጊ። ቦታሽን ጓደኛሽ ትይዝልሻለች።" ካርዱን ሲሰጡኝ "ልጅቷን ሳሚልን" አሉኝ። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥናትሽ እስከዚያ ድረስ ከቦርሳዬ አልወጣም ነበር።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ። አንድ ሳምንት ተሸክሜው ዛሬ ጠዋት ቢሯቸው ሄድኩ። ተቀመጪ ቢሉኝም ቆሜ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ።

"እሷ ታውቃለች?" አሉኝ።

"አታውቅም።"

"ታዲያ እኔ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ?"

ፎልደርሽን ተቀብለውኝ እኔ እዚያው እንደቆምኩ ማንበብ ጀመሩ። ሦስት አራት ገጽ ከገለጡ በኋላ መኖሬ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ "ሰኞ በሦስት ሰዓት ትምጣ" አሉኝ። ስሜን ከፕሮጀክቱ እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። "አውጥቼዋለሁ" አሉ፣ ከገጹ ቀና ሳይሉ።

እናቴን ማን ያይልኛል ብለሽ ሰኞ እንዳትቀሪ። በአንድ ሰዓት ተኩል በርሽ ላይ ነኝ። መድኃኒታቸውን በየስንት ሰዓቱ እንደሚወስዱ፣ ሲገላበጡ በየትኛው ጎን እንደምትደግፊያቸው ጽፈሽ ተይልኝ። ፊቴን ማየት ካስጠላሽ ቁልፉን ለጎረቤትሽ ሰጥተሽ ቀድመሽኝ ውጪ። እናትሽ "ያቺ ልጅ ምን ሆና ጠፋች?" ብለው ከጠየቁሽ ግን እባክሽ አትሸፋፍኚልኝ፤ ሁሉንም ንገሪያቸው። ማን እንደሆንኩ እያወቁ አጠገባቸው ልዋል።

ደህና ሰንብቺልኝ፣

ጓደኛሽ የነበርኩት