ከስብሰባው የወጣሁበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ሰላምታዬ ከደጅህ እስከ ጓዳህ ይግባ። የጉልበትህ ነገር እንዴት ሆነ? ቅባቱን መቀባት እንደተውክ ሳልጠይቅም አውቃለሁ፤ ሕመሙ ቀለል ሲልህ መድኃኒቱን መስኮት ላይ ረስተህ የምትሄድ ሰው ነህ። እትዬስ ዓይኗን ታየች? ባሏ ነህና፣ መነጽር አላደርግም ብላ እንዳትሸውድህ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል፣ በልተን እናድራለን፣ ጣሪያው አያፈስም ማለቴ ነው።

ደብዳቤህ ቁጣህን ከነትኩሳቱ አድርሶልኛል። «ልጄን አደራ ብዬ ብሰጥሽ በሰው ፊት ጥለሻት ወጣሽ» ብለሃል። «አክስት ወላጅ አይደለችም፣ ተቀምጠሽ እጅሽን ብታወጪላት ማን ይከለክልሽ ነበር?» ብለሃል። አልተቀየምኩህም። እኔም አንተን ብሆን ከዚህ የባሰ እጽፍ ነበር። ግን ልጅህ፣ ፌንጣችን፣ በስልክ የነገረችህ ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ ያኔ እሷም አታውቀውም ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በእኛ ትምህርት ቤት በር ከተዘጋ በኋላ የመጣ ተማሪ አጥሩ ሥር ይንበረከካል። በደንብ መጽሐፉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም፤ እኔ ስመጣ የጠበቀኝ ልማድ ነው። የሚያንበረክካቸው የስፖርት መምህሩ ነው። ፊሽካው ከአንገቱ ወልቆ ስለማያውቅ ተማሪዎቹ «ፊሽካ» ነው የሚሉት። እጁ ላይ ደግሞ የተቆረጠ የውሃ ጎማ አይጠፋም። እኔ በዲሲፕሊን ኮሚቴው የመምህራን ተወካይ ስሆን ስለዚያ ጎማ አንስቼ ነበር። «እሺ፣ እናየዋለን» ተባለና በዚያው ቀረ።

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናብ ስለነበር ያረፈደው ብዙ ነው። ፌንጣ ግን በሰዓቷ ገብታ ሰልፍ ላይ ነበረች። ካረፈዱት አንዷ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ናት፤ አስም አለባት። እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክካ ትንፋሽ ሲያጥራት ሳታስፈቅድ ተነሳች። ፊሽካ «ማን ተነሺ አለሽ?» ብሎ ጀርባዋን በጎማው መታት። ደገማት። ሊሠልስ እጁን ሲያነሳ የእኛዋ ከሰልፉ ተፈናጥራ ወጥታ የጎማውን ጫፍ ያዘች። እሱ ሳበ፣ እሷም ሳበች፣ ከዚያ ድንገት ለቀቀችው። ሰውየው ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ፊሽካው አፉ ውስጥ ስለነበር ሲወድቅ ጮኸ።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ልጅቷን ያስከሰሳት ያ ሳቅ ነው። ጎማው ብቻ ቢሆን ኖሮ በምክር ያልፉት ነበር። አዋቂ ሰው በልጆች ፊት ተስቆበት ዝም ማለት አይችልም። ከሰዓት በፊት ክሱ ተጽፎ አለቀ፤ «መምህር ላይ እጅ ማንሳት» ይላል። የዚህ ቅጣቱ ዓመት ሙሉ መታገድ ነው። ከዓመት በኋላ የሚመለስ ተማሪ ደግሞ ብዙ አላየሁም፤ በተለይ ሴት።

ስብሰባው ሲጠራ ዩኒት ሊደሯ ኮሪደር ላይ ጎትታ አቆመችኝ። ከእኔ ጋር ጠረጴዛ የምትጋራው፣ ስቃ የማትጠግበው ጓደኛዬ ናት፤ ስሟን እንኳ ሳትሰማ አትቀርም። «አንቺ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ። የእኔ፣ የአንቺና የተማሪዎች ተወካይ ድምፅ ይበቃታል። አደራ እንዳትናገሪ፣ ብቻ እጅሽን አውጪ» አለችኝ። እኔም እንደዚያው ቆርጬ ነው የገባሁት። ፌንጣ በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ ዩኒፎርሟን ራሷ ተኩሳዋለች፣ ኮሌታው ግን ተገልብጧል። ስገባ አየችኝና ትከሻዋ ዘና አለ። «እሷ ካለች ምን እሆናለሁ» ያለች መሰለኝ።

ርዕሰ መምህሩ ሁልጊዜ ስብሰባ ሲጀምሩ የደንቡን ሥነ ሥርዓት ያነባሉ። ቀና ሳይሉ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በአንድ ትንፋሽ ነው የሚወርዱት። እዚያ ውስጥ «የተከሳሹ ተማሪ ወላጅ የሆነ አባል ጉዳዩ በሚታይበት ጊዜ ከስብሰባው ይወጣል» የሚል አለ። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አንድም ሰው ተነስቶበት አያውቅም። ያን ቀን ግን ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሥሬ ያለው ወንበር የሰው ወንበር መሰለኝ። «አክስት ነኝ» ብዬ መቀመጥ እችል ነበር፤ የትምህርት ቤቱም መዝገብ፣ የሰፈሩም ሰው የሚያውቀው እንደዚያ ነው። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን ብዬው አፌ ለምዶታል። እግሬ ግን አልለመደውም መሰለኝ፣ ተነሳ።

«ምነው መምህርት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ደንቡን ላክብር ብዬ ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ደንግጣ «አክስት እኮ ወላጅ አይደለም፣ ተቀመጪ!» አለችኝ። ለርዕሰ መምህሩ ብቻ «እዚያው ገጽ ላይ መምህር ተማሪን አይመታም የሚል አለ። እሱንም ያንብቡልኝ፤ ጎማውም ጠረጴዛው ላይ ይቅረብ» ብያቸው ወጣሁ። በሩ ጋ ስደርስ ፌንጣ ቀሚሴን ልትይዝ እጇን ዘርግታ ነበር። አልቆምኩም። ብቆም አልወጣም ነበር።

የላብራቶሪው ክፍል ገብቼ የተሰባበረ የመስታወት ዕቃ ስለቅም ቆየሁ። ማንም ልቀሚ አላለኝም።

ውሳኔው የፈራሁትን ያህል አልሆነም። ጓደኛዬ ተሟግታ ዓመቱን ወደ ጥቂት ሳምንት አወረደችው፤ ከዚያ በኋላ ወላጅ ይዛ ትመለስ ተባለ። ፊሽካም ጎማውን ቤቱ እንዲተው ተመከረ። ተመከረ ነው ያሉት፣ ታዘዘ አላሉም። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን ነው የማየው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እንዴት ብዬ ልንገርህ። መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ስለ ጎማው በማንሳቴ ባልደረባዋን አሳጣች ነው ነገሩ። አጠገቤ ያለው ወንበር ላይ ቦርሳ ያስቀምጡበታል፣ ሰው እንዳይቀመጥበት አይደለም፣ ሰው ስለማይቀመጥበት ነው። ጓደኛዬም አኩርፋኛለች፤ «አሳፈርሽኝ፣ ብቻዬን ጥለሽኝ ሄድሽ» ብላለች፤ እሷም እውነት አላት። አንድ ቀን ሻዬን ይዤ ኮሪደር ላይ ቆሜ ስጠጣ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት፤ ምን ልበለው።

ቤትም ሌላ ዝምታ ነበር የሚጠብቀኝ። ፌንጣ ቤቱን ትጠርጋለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ መጽሐፏን ታነባለች፤ ለእኔ ግን ቃል የላትም። ድሮ ከበር ጀምራ «አክስቴ፣ አክስቴ» እያለች ጆሮዬን ታደነቁረው የነበረችው ልጅ፣ በምንም መጥራት ተወች። «ራቱ ደርሷል» ትላለች ለግድግዳው። «ስልክ ይጠራል» ትላለች ለጠረጴዛው። እኔም በግድግዳው በኩል «እሺ» እላለሁ። ሁለት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ እንዲህ ብቻውን መሆን እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ድንች እየላጥን ነበር፤ እሷ እዚያ ጥግ፣ እኔ እዚህ። ቢላዋዋን ሳታቆም «ወላጅ ይውጣ ሲሉ ነው አይደል የወጣሽው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ድንቹን ላጠችው፣ ላጠችው፣ መጨረሻ ላይ እጇ ላይ የለውዝ ፍሬ የምታክል ነገር ቀረች። እሷን እያየች ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። ተነስቼ ልይዛት ፈለግሁ፤ ግን ቢላዋ ይዣለሁ፣ እዚያው ቀረሁ። በኋላ ራሷ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። «አባዬ ያውቃል?» አለች። «ያውቃል» አልኳት። «እማዬስ?» «እሷም»። ልጣጩን እየሰበሰበች «እንዳታስከፊያቸው» አለችኝ። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ የመጀመሪያ ሐሳቧ እናንተ ነበራችሁ። ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ።

አንተ፣ እትዬና እኔ ለእናታችን የገባነውን ቃል አልረሳሁትም። ነፍሷን ይማርና፣ ለልጅቷም ለእኔም የሚሻለውን አስባ ነው ያስማለችን። እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ለማንም። ዝም ብዬ ተነሳሁ እንጂ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። «ወላጅ አምጪ ስለተባለች ተሳፍሬ እመጣለሁ» ብለህ ነበር። እገዳው ሲያልቅ ለፌንጣ «አባትሽ እስኪመጣ ትንሽ ቀን ታገሺ» አልኳት። ጫማዋን እያሰረች «እሱ ሩቅ ነው፣ ጉልበቱንም ያመዋል። አንቺ ቅርብ ነሽ» አለችኝ። አብረን ሄድን። ርዕሰ መምህሩ እኔን ሲያዩ «መምህርት፣ ዛሬ ደግሞ በየትኛው ወንበር ልናስቀምጥሽ ነው?» ብለው ቀለዱ። ጠረጴዛቸው ፊት ለፊት፣ የተጠሩ ወላጆች የሚቀመጡበት ያች አንድ እግሯ አጭር የሆነች ወንበር አለች። እሷ ላይ ተቀመጥኩ። ስትወዛወዝ ፌንጣ ከኋላ ያዘችልኝ። ርዕሰ መምህሩ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ወደ አንድ ዓይነቱ አገጫችን ተመለሱ፤ ከዚያ ቀልዱን ትተው ብዕራቸውን አቀበሉኝ። ምንም አልጠየቁም። የተማሩ ሰው ናቸው።

እና ለዚህ ጉዳይ ብለህ አትድከም፤ ወላጅ ቀርቧል። ለእረፍቷ ወደ እናንተ ስትመጣ ግን እንደ ድሮው ተቀበሏት፤ አንተም ሻንጣዋን እየነጠቅክ ተሳደብባት። ለእትዬ በእኔ ስም አንድ ነገር ንገርልኝ፤ ፊት ለፊት ብናገረው ስለማለቅስ ነው። ልጅቷን ትኩሳት ሲይዛት አብራት ያደረችው፣ ፀጉሯን የሠራችላት፣ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት በር ላይ ጥላት መመለስ አቅቷት የቆመችው እሷ ናት። የወሰድኩባት ነገር የለም በላት። ልጅቷ አሁንም ስትጠራት «እማዬ» ነው የምትላት፤ እኔም ሌላ አልጠበቅሁም። እኔ ጋ ለጊዜው ስም የለም፤ ጠዋት ስትወጣ «በይ ቻው» ትለኛለች፣ እዚያ ላይ ታቆማለች። ይበቃኛል። ከግድግዳው ይሻላል።

ጉልበትህን አምላክ ያጽናልህ፣ ቤታችሁን ሰላም ይሙላው፣ ቁጣህንም ያብርድልህ። ስትመልስልኝ ስድብም ቢሆን አሳጥረህ አትጻፍ፤ ሰሞኑን የማነበው ሌላ የለኝም።

የማትረሳህ፣
እህትህ