ያልቀመስኩት ቁሌት

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26
ደግሞ ከሻ፣ ደግሞ አፈሳ! ፖሊሶች ከገበያው ጀርባ ያገኙትን አበሻ ሁሉ አፍሰው በጭነት መኪና ጫኑት አሉ። ወደ ድንበር ነው የሚወስዷቸው። የእኔና የስንዱ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ካለፈበት ቆይቷል። እኔስ ግድ የለም፣ የትም ቢጥሉኝ እነሣለሁ። አብራኝ የምትኖረው ስንዱ ግን ወሯ ገብቷል። እዚያ መኪና ላይ ምጥ ቢይዛትስ? ፈራሁ።

ለገና ቤተ ክርስቲያን አንሄድም። ነጠላ ለብሶ የሐጅ ዩሱፍን ሰፈር ማቋረጥ ኑ ያዙኝ ማለት ነው።

ሰኞ
ተጣላን። ስንዱ "እትዬ፣ ዘንድሮ ፉላችንን በልተን ዝም ብለን እንዋል" ትለኛለች። ፉል! ለገና! ዓመቱን ሙሉ የሰው ቤት ስወለውል የከረምኩት ለፉል ነው? ዶሮ ገዛሁ። እየፈራሁ ገዛሁ። እልኬ አንድ ቀን ይገድለኛል።

ማክሰኞ፣ የገና ዋዜማ


ጠዋት ቁሌቱን ጣድኩ። በርበሬው ሰፈሩን አወደው። አበሻ የት እንዳለ ለማወቅ ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋሉ? እኔ ሞኝ ይህን አላሰብኩም። የግቢው በር ሲደበደብ የቤቱ ባለቤት ሐጃ ዘይነብ እየጎተቱ የፍየሎቻቸው በረት ውስጥ ከተቱንና ቆለፉብን።

ፖሊሱ "ይሄ የአበሻ ምግብ ነው" አለ።
"የኔ ነው" አሉ ሐጃ።
"የላ፣ በይ ቅመሺው!"

ጾም ነው ብዬ ጨዉን እንኳ ያልቀመስኩትን፣ ገና በርበሬው ያልበሰለውን ቁሌት! የማንኪያው ድምፅ ተሰማኝ። ሐጃ አልሳሉም። "ታማም፣ ቆንጆ ነው" አሉ። ፖሊሶቹ ሳቁ፤ ድስቱንም ዶሮውንም ይዘው ሄዱ።

ስንዱ ድምፅ እንዳያመልጣት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። በረቱ ሽንት ሽንት፣ እርጥብ ገለባ ይሸታል። የልደቱን በረት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው በሥዕል ነው። ሽታ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። እመቤታችንም እንዲህ ፈርታ ይሆን? እዚያው ተንበርክኬ ጸለይኩ። ለስንዱና ለሆዷ ብቻ። ድግሴ ትዝም አላለኝ።

ረቡዕ፣ ገና
በፍየል ወተት ፈሰክን። ከጎኑ ፉል! ስንዱ አየት አድርጋኝ ጎረሰች። ሐጃ ወተቱን በቆርቆሮ ኩባያ ይዘው መጡ። "ኩሉ ሰና ወ ኢንቱ ጠይቢን" ብለው መልካም በዓል ተመኙልን። ከንፈራቸው አባብጧል። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ጨው ረስተሻል" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። ከዚህ የበለጠ የገና ምግብ በልቼ አላውቅም።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ነገም ሊመጡ ይችላሉ። ስንዱ ከጠዋት ጀምሮ ወገቧን ይዛለች። ምንም አይደለም ትላለች። ሐጃ ግን አይተዋታል።

ሲወጡ እንዲህ አሉን፦ "በረቱን ጠርጌዋለሁ። አዲስ ገለባ አንጥፌበታለሁ። ኢንሻላህ ካሁን በኋላ በሩ ለእናንተ አይቆለፍም።"