ቢጫው አሸዋ ጋ ያልደረሰው ጉድጓድ

ሴፕቴምበር 19 ቀን 2018
ከአሮጌው የግንድ ማመላለሻ መንገድ መጨረሻ፣ ሰሜን ሚኒሶታ

ለምወድሽ ልጄ ለታይሚ፦

እንደምን ከርመሻል? የአሪዞና ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ አየሩና ስለ ዓሣው ጻፍኩልሽ፤ አንድም ቀን አልመለስሽልኝም። አልፈርድብሽም። የዛሬው ግን ስለዚያ እሳት ነው። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የምጽፍልሽ ያኔ ከሰፈርንበት ቦታ ሆኜ ነው። ብቻዬን ነኝ፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ድንኳኔን ከመንገድ በማይታይበት፣ ከሐይቁም ራቅ ብዬ ተክያለሁ። መጸዳጃ የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ ከኔ ሌላ ሰው የለ፤ እኔና አንቺ እንደምንወደው። በተቃጠለው መሬት ላይ የበቀለው የበርች ዛፍ ከቁመቴ በልጧል። የዋልፍሪድ የሜፕል ዛፎች ግን ደርቀው እንደቆሙ ናቸው። ጎረቤታችን ከአባቱ የወረሳቸው፣ በየጸደዩ ጭማቂያቸውን ቀድቶ ሽሮፕ የሚያፈላባቸው ሁለት መቶ ዛፎች! አሁን የሚጠጋቸው ግንደ ቆርቁር ብቻ ነው።

የሆነውን ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከኔ አፍ ግን ሰምተሽው አታውቂም።

የእሳቱን ጉድጓድ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ዝናብ ከጠፋ አምስት ሳምንት አልፎታል። እኔ ደግሞ ርቦኛል፣ ወገቤንም አሞኛል። አንድ ስንዝር ቆፈርኩና አካፋውን ወረወርኩት። አንቺ ተንበርክከሽ አፈሩን በጣቶችሽ ፈተግ ፈተግ አደረግሽው።

«እማ፣ ይሄ እኮ ገና ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ነው፤ እሳት ይይዛል። ቢጫው አሸዋ ጋ አልደረስሽም።»

«አንቺ ሳትወለጂ እሳት ያነደድኩ ሰው ነኝ! ይልቅ ዓሣውን አምጪ።»

«እሺ አለቃዬ» ብለሽ ሳቅሽ።

በማግስቱ ጠዋት ከሐይቁ በድስት እየተመላለስሽ ውሃ አፈሰስሽበት፣ አማሰልሽው፣ አይበሉባሽን አሳርፈሽ ሙቀቱን ለካሽ። እኔ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። «እማ፣ በሥሩ በኩል አሁንም ይሞቃል፤ እንቆፍረው» ብለሽ ተጣራሽ። ጥሩምባውን ነፋሁብሽ። «እስክሸብት ልጠብቅሽ ነው እንዴ?» አልኩሽ። መጣሽ። ሄድን። እሳቱ ሥር ለሥር እየተሳበ በሦስተኛው ቀን በዋልፍሪድ ዛፎች መሀል ወጣ።

የደን ጠባቂው ቤታችን መጥቶ «ድንኳናችሁ ጋ የነበረውን እሳት ያጠፋው ማን ነው?» ሲል፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ «ልጄ ናት» አልኩት። ቃሉ እውነት ነበር፤ እኔ ግን የተናገርኩት ለመዋሸት ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብለሽ አየሽኝና መልሰሽ አቀረቀርሽ። «ጉድጓዱን እሷ ናት የቆፈረችው» ትያለሽ ብዬ ጠበቅሁ። አላልሽም።

ለምን እንዲያ አደረግሽ ብትይኝ፣ ፈራሁ። በዚህ አካባቢ ጫካ ገብቶ የሚያድር ሰው ሁሉ ከኔ ነው የተማረው። ሠላሳ ዓመት በከተማው አዳራሽ ቆሜ «ቆፍሩ፣ በውሃ አርሱ፣ አማስሉ፣ በእጃችሁ ዳስሱ» ስል የኖርኩ ሴት ደን አቃጠለች ሊባል ነው! ስሜን ለማዳን ስምሽን ጣልኩ። ከዚያ ባለሱቁ ሩዲ ሰው ሁሉ እየሰማ «ታይሚ፣ ክብሪት ከመሸጤ በፊት ባልዲሽን አሳዪኝ» ብሎ ሲያላግጥብሽ፣ ዳቦ ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ሰው ሳቀ፤ እኔ ዝም አልኩ። በረዶው ሳይጥል ሄድሽ።

ባለፈው ወር ዋልፍሪድ ቤት ሄድኩ። ሰማንያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ድንች ግን አሁንም ራሱ ይልጣል። ሁሉንም ነገርኩት። ቢላዋውን እንኳን አላስቀመጠም።

«ጉድጓዱን አይቼዋለሁ እኮ» አለኝ። «እሳቱ የጠፋ ዕለት ሄጄ እጄን ከትቼ ለካሁት። አንድ ስንዝር። ታይሚ ስትቆፍር እስከ ክርኗ ነው፤ ከልጅነቷ አውቃታለሁ።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አልክ?»

«አንቺ እስክትመጪ ነዋ! አንቺ ሴትዮ፣ መዘግየትሽ ግን!»

እንባዬ መጣ። የወጥ ቤት ፎጣውን ወረወረልኝና «ይሄ እንባ ለኔ ነው እንዴ? እኔ ያጣሁት ዛፍ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ አንገቴን ቀና ማድረግ አቃተኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ የዓሣ እራት ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ተነሥቼ ብርጭቆ አንኳኳሁና ተናገርኩ፤ ማን እንደቆፈረ፣ ማን እንዳስጠነቀቀ፣ ማን ጥሩምባ እንደነፋ። ዓሣ የሚጠብሱት ሳይቀሩ ከወጥ ቤት ወጥተው ሰሙኝ። ቢሰድቡኝ፣ ጥለውኝ ቢወጡ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሩዲ ፊቱ ደም መስሎ ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «ታዲያ ልጅቷ ለምን ዝም አለች? አንድ ቃል ይበቃት ነበር እኮ» አለ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «እናቴን አላዋርድም ብላ ነው» አልኩ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ታይሚዬ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ የዝምታሽ ምክንያት ንዴት ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ ኖሬ፣ እውነቱን ከገዛ አፌ ሰማሁት።  አንድ ሰው ከኋላዬ ወንበር አስጠጋልኝ።

ሰኞ ወደዚህ ስመጣ በደን ጽሕፈት ቤቱ በኩል አለፍኩ። ስለ እሳቱ በተጻፈው ወረቀት ላይ ስምሽ ተሰርዞ የኔ ገብቷል። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

በድዬሻለሁ። ይቅርታሽን እመኛለሁ፤ ስጪኝ ብዬ ግን አላስጨንቅሽም። እግዚአብሔር በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ የሚያከብርሽ ሰው አያሳጣሽ። ብትጽፊልኝ፣ ለሰባት ዓመት የዋጥሽውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ ስድብም ቢሆን ይምጣ። ከእንግዲህ ለኔ ብለሽ ዝም አትበይ።

እናትሽ
ኤልማ